ቢፍ ጀርኪና የሥጋ ስቲክ፦ መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ምግብ ነው?

ረጅም መንገድ (ዳላስ)

ሰላም ለቤቱ። እኔ ትራክ ነጂ ነኝ። ከቴክሳስ እስከ ኦሃዮ እመላለሳለሁ። መንገድ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረኝ ምግብ ነው። በርገርና የተጠበሰ ዶሮ ስበላ ኪሎዬ እየጨመረ ሄደ። አሁን ነዳጅ ስቀዳ ቢፍ ጀርኪ (በከረጢት የታሸገ የደረቀ የበሬ ሥጋ) እገዛለሁ። ከረጢቱ ፊት ላይ በትልቁ «10 ግራም ፕሮቲን» ይላል። ካሎሪው 80 ነው። አይበላሽም፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ እየነዱም ይበላል። አንዳንዴም ረጃጅሞቹን የሥጋ ስቲኮች አነሳለሁ።

አሁን የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የሕክምና ካርዴን የማሳድስበት ጊዜ ደርሷል። ባለፈው መርማሪው «የደም ግፊትህ ጫፍ ላይ ነው» ብሎኛል። የምታውቁ ንገሩኝ። ይሄ ነገር ከቺፕስና ከዶናት አይሻልም? በየቀኑ ቢበላስ?

የምግብ ነገር (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ እኔ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ጥያቄህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ በተለይ ታክሲና ትራክ የሚነዱ ወገኖቻችን።

በመጀመሪያ ጀርኪው ያለውን ጥቅም ልንገርህ። ስብ የሌለው ጥሬ የበሬ ሥጋ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው። ጀርኪ የሚሠራው ያንን ውኃ በማውጣት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ምርት «ጀርኪ» ተብሎ እንዲሸጥ የቀረው ውኃ ከፕሮቲኑ 0.75 እጥፍ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ 1 ኪሎ ሥጋ ደርቆ ወደ ሲሶው ይወርዳል። ፕሮቲኑ ግን አብሮ አይወጣም። 28 ግራም ጀርኪ ውስጥ ከ9 እስከ 12 ግራም ፕሮቲን የምታገኘው ለዚህ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ 2 ሚሊግራም አካባቢ ዚንክ አለው፤ አንድ ወንድ በቀን ከሚያስፈልገው ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። አይረንም አለው። ይሄኛው አይረን ከምስርና ከጤፍ ከምናገኘው ይልቅ በቀላሉ ሰውነት ውስጥ ይገባል። ከዶናት ጋር ካወዳደርከው አዎ፣ ያጠግባል፤ ጥሩ ነገርም አለው።

ችግሩ ጨዉ ነው። በዚያችው 28 ግራም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊግራም ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ነው። የአሜሪካው መመሪያ 2,300 ይላል። እና አሁን ከረጢቱን ገልብጠህ እይልኝ። «ሰርቪንግ» (ለአንድ ጊዜ የሚበላ መጠን) የሚለው መስመር ላይ ስንት ተጽፏል? 80 ካሎሪና 10 ግራም ፕሮቲን የሚለው ለአንድ ሰርቪንግ ነው፤ ለከረጢቱ አይደለም።

ረጅም መንገድ

አየሁት። ሰርቪንግ 3 ገደማ ይላል። ሶዲየም ለአንዱ 540። ስለዚህ ከረጢቱን ስጨርስ 1,620 መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ከፍቼ አስቀምጬ አላውቅም። ስኳርም አለው፤ 6 ግራም። ቴሪያኪ የሚለው ጣፋጩ ነው።

የምግብ ነገር

አዎ፣ እሱንም በ3 አባዛው። 18 ግራም ስኳር ማለት ከ4 የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። ከኋላ ያለውን የቅመም ዝርዝር ተመልከት። የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው። ብዙዎቹ ላይ ሥጋ፣ ውኃ፣ ከዚያ ወዲያው ስኳር ይመጣል። በርበሬ ብቻ የተነሰነሰባቸው ወይም ቅመም ያልበዛባቸው ብዙ ጊዜ ስኳራቸው ያንሳል። ጨዋቸው ግን ብዙም አይለይም።

ቨርጂኒያ 95

አንድ ከረጢት ለአንድ ሰው እንደሆነ ነው ሁላችንም የምናስበው። መጠኑም እንደዚያ ነው የሚመስለው። ይሄን በግልጽ ፊት ለፊት መጻፍ ነበረባቸው።

የድሮ ሾፌር (አትላንታ)

ወንድም ረጅም መንገድ፣ እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ቆይቻለሁ። ጨውን ቀላል ነገር አድርገህ አትየው። ሙሉው የሕክምና ካርድ የሚሰጠው ለ2 ዓመት ነው። ግፊትህ ከ140 በ90 ካለፈ ብዙ መርማሪዎች ለ1 ዓመት ብቻ ነው የሚሰጡህ። 180 በ110 ከደረሰ ደግሞ እስኪወርድ ድረስ መኪናውን ታቆማለህ። ለእኛ ግፊት የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ነው።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጀርኪ ትበላለህ፣ ይጠማሃል። መጸዳጃ ፍለጋ መቆም ስለማትፈልግ ውኃ አትጠጣም። ወይ ደግሞ በትልቁ ኩባያ ሶዳ ትገዛለህ። ከዚያ እንቅልፍ ሲመጣ ኢነርጂ ድሪንክ ትጨምራለህ፤ እሱም ለብቻው ግፊት ይጨምራል። እኔ ብዙ ጓደኞቼን ያየሁት በዚህ መንገድ ሲታመሙ ነው። አንዱ በዚያው ምክንያት ሥራውን ለቋል። እባካችሁ ወጣቶች፣ ይሄን ነገር ስሙ።

የእኔ ስንቅ ቀላል ነው። ባለቤቴ የገብስ ቆሎና ሽምብራ ያለ ጨው ትቆላልኛለች። በኩለር የተቀቀለ እንቁላል እይዛለሁ። ጠዋት ጠዋት በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ። በሶ የያዘ ሰው እስከ ቀትር ሌላ ነገር አያምረውም።

የሁለት ልጆች እናት (ዴንቨር)

እኔ ሾፌር አይደለሁም፤ ግን ጥያቄው የእኔም ነው። የ6 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት የምቋጥርለትን አይበላም። ጓደኞቹ የሥጋ ስቲክ ስለሚያመጡ እሱም ያንን ብቻ ይፈልጋል። ሥጋ ነው፣ ፕሮቲን ነው ብዬ በየቀኑ እሰጠዋለሁ። የ3 ዓመቷ እህቱም እያየች ትጠይቀኛለች። ለልጅ ይሆናል?

የምግብ ነገር

እህቴ፣ ስቲክ እና ጀርኪ አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ እንጂ በጣም ይለያያሉ። ጀርኪ አብዛኛውን ጊዜ ስቡ ከተወገደ ሥጋ በሥሱ ይቆረጣል። ስቲክ ግን የተፈጨ ሥጋ ከነስቡ ተሞልቶ የሚጨስ ነው። 28 ግራም የተለመደው ስቲክ 150 ያህል ካሎሪ፣ 14 ግራም ገደማ ስብ፣ 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ከአምስት እጅ አራቱ ካሎሪ የሚመጣው ከስብ ነው ማለት ነው። ፕሮቲኑን ከአንድ የተቀቀለ እንቁላል ታገኚዋለሽ። እንቁላሉ 70 አካባቢ ካሎሪና 70 አካባቢ ሚሊግራም ሶዲየም ብቻ ነው ያለው።

ለልጅሽ ትልቁ ጉዳይ ሶዲየሙ ነው። ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1,500 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። አንድ ባለ 28 ግራም ስቲክ ከ400 በላይ ሊኖረው ይችላል። አንድ መክሰስ ብቻውን ከቀኑ ከሩብ በላይ ወሰደ ማለት ነው። ከዚያ ዳቦው አለ፣ አይቡ አለ፣ ማታ ወጡ አለ። የልጅ ምላስ ደግሞ በዚህ ዕድሜ የለመደውን ጨው ሲያድግም ይፈልገዋል። በየቀኑ አትስጪው። አልፎ አልፎ ትንንሾቹን ብትሰጪው አያስፈራም።

ለትንሿ ግን ስለ ጨውም አላወራሽም። ከ4 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሥጋ ስቲክ ጉሮሮ ላይ ከሚቀሩ ምግቦች ዝርዝር ውስጥ ነው። ጠንካራ ነው፣ ክብ ነው፣ በደንብ አይታኘክም። እባክሽ አትስጫት።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉሮሮ ላይ መቅረቱን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ዛሬውኑ ከእሷ አርቃለሁ።

ሀላል ፈላጊ (ሚኒያፖሊስ)

ሰላም። ስለ ሥጋው ዓይነት ማንም አላነሳም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አሳማ አይበሉም። ስለዚህ ይሄ ለሁላችንም ነው። ስቲክ ስትገዙ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። በማደያ ከሚሸጡት ውስጥ የበሬ፣ የአሳማና የዶሮ ሥጋ አንድ ላይ የተፈጨባቸው አሉ። የዶሮው ደግሞ ጡትና ጭን አይደለም። ሥጋው ከተነሣ በኋላ የቀረው አጥንት በማሽን ኃይል በወንፊት ተጨምቆ የሚወጣ ልስልስ ነገር ነው። በዚህ መንገድ የበሬ አጥንት ጨምቆ ለሰው ምግብ ማቅረብ አሜሪካ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ በእብድ ላም በሽታ ምክንያት ተከልክሏል። የዶሮና የአሳማ ግን ይፈቀዳል፤ መለያው ላይ መጻፍ ብቻ ነው ግዴታቸው።

ስቲኩን ከላይ የሚሸፍነው ቆዳም ብዙ ጊዜ ኮላጅን (ከእንስሳ የሚወጣ ፕሮቲን) ነው። ከበሬ ወይም ከአሳማ ሊሠራ ይችላል። የሀላል ምልክት ያላቸው ምርቶች አሉ፤ በትልልቅ ከተሞች ማግኘት አይከብድም። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ከጓደኛ ተቀብለው ስለሚበሉ ይሄን ንገሯቸው።

እውነቱን ተናገር

እኔ ግን አንድ ነገር አይገባኝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ካንሰር ያመጣል ትላላችሁ። አያቶቻችን ቋንጣ እየበሉ እስከ 90 ዓመት ኖረዋል። አሁን ሁሉም ነገር ያስፈራል።

የምግብ ነገር

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ላስፈራራ አልፈልግም፤ ግን የተረጋገጠውን መደበቅም አልችልም። በጥቅምት 2015 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም ከ10 አገሮች 22 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከ800 በላይ ጥናቶችን አስመረመረ። የተቀነባበረ ሥጋ የትልቁ አንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አለ አሉ። ጀርኪም በስም ተጠቅሷል። ትምባሆ ያለበት ምድብ ውስጥ መግባቱ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ምድቡ ግን የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ነው። ጉዳቱ እኩል ነው ማለት አይደለም። ትምባሆ እጅግ ይብሳል።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የሚበላ ሰው ዕድሉ በ18 በመቶ ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሰው ወደ 4 የሚሆኑት በዕድሜያቸው ይሄ ካንሰር ይይዛቸዋል። በ18 በመቶ ሲጨምር ወደ 5 ይጠጋል። ለአንድ ሰው ትንሽ ነው። ለብዙ ሰው ብዙ ነው። ደግሞም «በየቀኑ» የሚለው ቃል ላይ አተኩር። አንድ የጀርኪ ከረጢት ከ50 ግራም በላይ ነው።

ስለ አያቶቻችን ግን ልክ ነህ፤ ብዙዎቹ ጤነኛ ነበሩ። ቋንጣን ግን ስንት ጊዜ ይበሉ ነበር? የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ከጾም ውጭም ቢሆን ለአብዛኛው ገበሬ ሥጋ የበዓልና የድግስ ነበር። ቋንጣው ተሰቅሎ እንግዳ ሲመጣ ነው ፍርፍር የሚሆነው። ቀን ሙሉ በእግር ይሄዳሉ፤ ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ጤፍ ይበላሉ። እኛ ጀርኪውን ወስደን የቀረውን ኑሮ ትተነዋል።

አባ ቋንጣ (ሎስ አንጀለስ)

ቋንጣ ሲነሳ ዝም ልል አልችልም። ቋንጣና የማደያ ጀርኪ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። እኔ ቤቴ እሠራለሁ። ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ እገዛለሁ። በረጅሙ እዘለዝላለሁ። ጨው፣ በርበሬ፣ ትንሽ ሚጥሚጣና ቁንዶ በርበሬ አሽቼ ገመድ ላይ እሰቅላለሁ። ነፋስ የሚያገኘው፣ ዝንብ የማይደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ስኳር የለው፣ ናይትራይት የሚባለው የሥጋ ማቆያ ኬሚካል የለው፣ ሶያ የለው። የማን ሥጋ እንደሆነም አውቃለሁ። ይሄ የእናቶቻችን ጥበብ ነው። ልጆቻችን የቋንጣን ጣዕም ሳያውቁ በላስቲክ የታሸገ ስቲክ ሲለምዱ ያሳዝነኛል።

የምግብ ነገር

አባ ቋንጣ፣ ከስኳርና ከናይትራይት ነፃ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። እኔም ከሁለቱ ቋንጣውን እመርጣለሁ። ሁለት ነገር ግን ልጨምር።

ናይትራይቱን ፋብሪካዎች የሚጨምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ይገታል፤ ሥጋውንም ቀላ አድርጎ ያቆየዋል። ክፋቱ ሆድ ውስጥ ከሥጋው ጋር ተዋህዶ ካንሰር አምጪ ውህዶች ሊፈጥር መቻሉ ነው። «ናይትራይት አልተጨመረበትም» የሚሉ ውድ ከረጢቶች አሉ። በትንንሽ ፊደል የሴሌሪ ዱቄት የሚል ካለበት ያው ናይትራይት ነው። ከአትክልት መጣ እንጂ ኬሚካሉ አንድ ነው። ለእሱ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ሁለተኛው፣ የምርምር ተቋሙ የተቀነባበረ ሥጋ ሲል በጨው ተጠብቆ የቆየንም ይጨምራል። ቋንጣም ከዚያ አያመልጥም። ጨዉ ጨው ነው። በቤት ስትሠሩት ግን መጠኑን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ትልቁ ብልጫው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም ቋንጣ ፍርፍር ላይ ጥቂቱ ለብዙ እንጀራ ይበቃል። ከረጢት ሙሉ ለብቻ አይበላም።

ቨርጂኒያ 95

ከአገር ቤት በሻንጣ ማምጣትስ? እናቴ በየጊዜው ልላክልህ ትለኛለች።

የድሮ ሾፌር

አይቻልም ወንድሜ። አፍተግር የተባለው የከብት በሽታ ካለበት አገር ሥጋ ማስገባት ክልክል ነው፤ የደረቀውም ጭምር። ኢትዮጵያም በሽታው ካለባቸው አገሮች ናት። ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል። የያዘ ሰው ቅጹ ላይ ካሳወቀ ሥጋውን ብቻ ነው የሚያጣው። ከደበቀ ግን ይቀጣል። ለእናትህ በርበሬና ሽሮ ላኪልኝ በላት።

ሰኞ ማክሰኞ (ሲያትል)

በጾም ጊዜስ? ከእንጉዳይና ከሶያ የሚሠራ ጀርኪ አይቻለሁ።

የምግብ ነገር

ለጾም ይሆናል፤ የወተት ነገር እንዳልገባበት ግን ዝርዝሩን እዩ። የእንጉዳዩ ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የሶያው ይሻላል። ጨዉ ግን በሁለቱም ብዙ ሊሆን ይችላል። ለጾም ለውዝና ሽምብራ ቆሎ እመርጣለሁ። 28 ግራም ለውዝ 7 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ጨው ካልተነሰነሰበት ሶዲየም የለውም ማለት ይቻላል።

ረጅም መንገድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጀርኪን ጨርሼ መተው ይከብደኛል። ማደያ ውስጥ ቆሜ በቶሎ የምመርጥበት መንገድ ካለ ንገሪኝ።

የምግብ ነገር

አለ። መለያው ላይ ከሶዲየም አጠገብ በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር አለ። 5 በመቶና ከዚያ በታች ትንሽ ነው። 20 በመቶና ከዚያ በላይ ብዙ ነው። ጀርኪ ውስጥ 5 አታገኝም። 15 አካባቢ ካገኘህ ያን ውሰድ፤ ጨው የተቀነሰለት የሚሉም አሉ። ስኳሩ በሰርቪንግ ከ3 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ከረጢቱን ስትከፍት አንድ ሰርቪንግ ብቻ አውጥተህ የቀረውን አስረህ ከኋላ አስቀምጠው። አብሮ ሙዝ ብላ። ሙዝ ፖታሲየም አለው፤ ሶዲየምን ከሰውነት ለማስወጣት ይረዳል። ኩላሊት የሚያም ሰው ግን ስለ ፖታሲየም ሐኪሙን ይጠይቅ።

በሳምንት አንዴ ሁለቴ ከሆነ አልከለክልህም። በየቀኑ ግን፣ በተለይ ግፊትህ ጫፍ ላይ እያለ፣ አይሆንም። ጨው ሲቀነስ ግፊት በሳምንታት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ካርድህን ከማሳደስህ በፊት ጊዜ አለህ፤ ዛሬ ጀምር። መድኃኒት የታዘዘልህ ከሆነ ግን በራስህ እንዳታቆም።

የሁለት ልጆች እናት

አባ ቋንጣ፣ ለልጄ ጨው የቀነሰ ቋንጣ ልሠራለት አስቤአለሁ። አፓርታማ ስለሆነ የምሰቅልበት የለኝም። በኦቨን ይሆናል?

አባ ቋንጣ

በደንብ ይሆናል እህቴ። ሥጋውን ግማሽ በረዶ ሲሆን ቁረጪው፤ በሥሱ ይቆረጥልሻል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ከጨመርሽ ጨዉ ቢያንስም ጣዕም አያጣም። ኦቨኑን በዝቅተኛ ሙቀት አድርገሽ በሩን በትንሹ ክፈቺው፤ እርጥበቱ እንዲወጣ። ሥጋውን በሽቦው ላይ ዘርጊው፣ እርስ በርሱ እንዳይነካካ።

የምግብ ነገር

አንድ ነገር ከማድረቁ በፊት ጨምሪ። ሥጋው መጀመሪያ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ መሞቅ አለበት። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚመክረው ይሄን ነው። የዶሮ ከሆነ 74። ሳይሞቅ ቀጥታ ከደረቀ ሳልሞኔላና መሰሎቹ ባክቴሪያዎች ከሥጋው ጋር ደርቀው ሙቀትን ይቋቋማሉ፤ በኋላ ማሞቅ ብዙም አይጠቅምም። ኮሶም በመሞቁ ይሞታል። ርካሽ የሥጋ ቴርሞሜትር ግዢ። ከዚያ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ አድርቂው። የቤት ቋንጣ በደንብ ታሽጎ ከ1 እስከ 2 ወር ይቆያል፤ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጪው ይመረጣል። ለልጅሽ ስትሰጪው ደግሞ የሥጋውን ክር አቋርጠሽ አጭር አጭር አድርገሽ ቁረጪለት።